ከሸራው ጀርባ ያለው ማሽን

(ሸነን፣ የቀበሌው ግቢ፣ ጠዋት። ከጽሕፈት ቤቱ ኋላ በሰማያዊ ሸራ ከተጋረደ ቦታ የሞተር ድምፅ ይሰማል። ፈዬራ፣ ከአምቦ ለጥናት የመጣ የማስተርስ ተማሪ፣ ክራቫት አስሮ በረንዳው ላይ ተቀምጧል፤ ላፕቶፑን ከፍቶ አርባ መጠይቆች ፊቱ ዘርግቷል። ጅሩ፣ መጠይቁን ቤት ለቤት ያስሞላለት የሸነን ባለባጃጅ፣ አጠገቡ ቆሟል።)

ፈዬራ፦ ስድስት ተኩል አይባልም።

ጅሩ፦ ተባለ እኮ።

ፈዬራ፦ ጅሩ፣ ልጅ ተኩል የለውም። ወይ ስድስት ነው ወይ ሰባት።

ጅሩ፦ ሰባት ብልም ዋሸሁ፣ ስድስት ብልም ዋሸሁ።

ፈዬራ፦ ግማሹ ምን ሆኖ ነው ግማሽ የሆነው?

ጅሩ፦ ግማሿ ናት። ከሰኞ እስከ ረቡዕ እናቷ ቤት ትበላለች፣ ከሐሙስ ጀምሮ አያቷ ጋ ናት። አንተ ቅጹ ላይ "በዚህ ቤት ስንት ልጅ ይኖራል" ብለህ ነው የጻፍከው። አያቷ ቤትም ሄጄ ሌላውን ግማሽ ጽፌያለሁ። ሁለቱን ብትደምር አንዲት ሙሉ ልጅ ትወጣልሃለች።

ፈዬራ፦ እዚህ ሰባት አድርጌዋለሁ።

ጅሩ፦ አያቷ ቤትስ?

ፈዬራ፦ ዜሮ።

ጅሩ፦ እንግዲያው ከሐሙስ በኋላ ልጅቷ ጦሟን አደረች በለኛ።

ፈዬራ፦ ስማኝ። ይሄ ተራ ጥናት አይደለም። አራት የትምህርት ክፍል ነው ያለበት። ኢንጅነሪንግ እንሰት የሚፍቅ ማሽን ሠራ። ስታትስቲክስ ስንት ቤት መጠየቅ እንዳለበት ቀመረ። ሥርዓተ ጾታ ማሽኑ የሴቶቹን ጫና ቀንሶ እንደሆነ ይመዝናል። ቢዝነስ ደግሞ ሰው ይገዛው እንደሆነ ያያል። እኔ አራቱንም አስተባብራለሁ።

ጅሩ፦ አራት ክፍል ለአንድ እንሰት።

ፈዬራ፦ ሴቶቹ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ በቀርከሃ ሲፍቁ ወገባቸው እየተቆረጠ ነው የኖሩት። ማሽኑ እዚህ ግቢ ከገባ ሃያ አንድ ቀን ሆነው። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ አማካሪዬ ዶክተር ለንሳ ይደውላሉ፣ ነገ አምቦ በጉባኤ ላይ ውጤቱን ያቀርባሉ። ለዚህ ነው ዳታውን አሁኑኑ ማጽዳት ያለብን።

ጅሩ፦ (ከባጃጁ እርጥብ ጨርቅ ይዞ ይመጣል) አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ ወጥ ፈሶበታል፣ እሱን አውቃለሁ። ሌላው የቱ ነው?

ፈዬራ፦ ጨርቁን መልስ። ማጽዳት ማለት ስህተቱን ነቅሶ ማውጣት ነው። ከሌላው ወጣ ያለ ቁጥር ካለ ይሰረዛል።

ጅሩ፦ ወጣ ያለው እውነት ቢሆንስ?

ፈዬራ፦ እውነት ወጣ አይልም። ቤት ቁጥር አሥራ አንድ ለምን ባዶ ሆነ?

ጅሩ፦ ሴትየዋ አኩርፈው ነው። አንተ ያስጠናኸኝን ነው ያልኳቸው፦ "እናቴ፣ እርስዎ በዘፈቀደ የተመረጡ ነዎት።" "እኔን ነው በዘፈቀደ?" ብለው በሩን ዘጉብኝ።

ፈዬራ፦ በዘፈቀደ ማለት እኮ ያለ አድልዎ ማለት ነው። በሳይንስ ትልቅ ክብር ነው።

ጅሩ፦ እሱን በበሩ ቀዳዳ ነግሬያቸዋለሁ። አልሰሙኝም። ስለዚህ የሚቀጥለው ቤት ስደርስ "ከሸነን ሴቶች ሁሉ ተመርጠው ነው" አልኳቸው።

ፈዬራ፦ እሱስ?

ጅሩ፦ እሱ ባሰ። ጎረቤቱ በሙሉ "እሷ በምን በልጣን ነው" እያለ መጣ። አሥራ ሁለት ቁጥርን ስድስት ሴቶች አንድ ላይ ነው የመለሱት። ዕድሜ ላይ አልተስማሙም።

ፈዬራ፦ "መቶ ዘጠና አራት" ብለህ የጻፍከው ለዚህ ነው?

ጅሩ፦ የስድስቱን ደምሬ ነው።

ፈዬራ፦ (ሌላ ቅጽ ያነሳል) እሺ። ጥያቄ ዘጠኝ፦ "የቤቱ ራስ ማነው?" አንድ ባል፣ ሁለት ሚስት፣ ሦስት ሁለቱም። እዚህ ጋ የጻፍከው ምንድነው? "ባል፣ ከሳቅ ጋር።"

ጅሩ፦ ኦቦ ተሬፋ ቤት ነው። "የቤቱ ራስ እኔ ነኝ" አሉ። ከጓዳ ሳቅ መጣ።

ፈዬራ፦ ሳቅ ኮድ የለውም።

ጅሩ፦ ለዚህ እኮ ነው በፊደል የጻፍኩት።

ፈዬራ፦ አንድ ነው። ባል።

ጅሩ፦ ይሁን። ግን ኦቦ ተሬፋም ሳቁን ሰምተዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ ሁሉ ወደ ጓዳው እያዩ ነው የመለሱት።

ፈዬራ፦ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ደግሞ "የታየ ክፍተት፦ የኦቦ ተሬፋ አጥር፣ በታችኛው በኩል" ይላል።

ጅሩ፦ ክፍተት ካየህ መዝግብ ብለኸኝ። ጥጃ ይገባበታል።

ፈዬራ፦ የእውቀት ክፍተት ነው ያልኩህ። ጥናቱ የሚሞላው።

ጅሩ፦ አንተ "ክፍተቱን እንሞላዋለን" ስላልክ እኔና ኦቦ ተሬፋ እሾህ ቆርጠን ሞልተነዋል። እስካሁን ጥናቱ ሸነን ውስጥ የሠራው ሥራ ቢኖር እሱ ነው።

ፈዬራ፦ ጥናቱ የሠራውንማ ጆሮህ እየሰማ ነው። (ወደ ሸራው ያመለክታል) ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይነሳል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይቆማል። አንድ ቀን አልተቋረጠም። ካረፍኩበት አልጋ ቤት ሆኜ በየቀኑ መዝግቤዋለሁ።

ጅሩ፦ በጆሮ?

ፈዬራ፦ ሞተር በጆሮ ነው የሚታወቀው።

ጅሩ፦ ገብተህ አይተኸው አታውቅም?

ፈዬራ፦ የመጣ ዕለት አይቼዋለሁ። ከዚያ በኋላ ማሽኑን የሚያሠሩት ኦቦ ኤጄታ ሸራውን ጋረዱት፤ ስጠይቃቸው መመሪያውን ገልጠው አሳዩኝ። ገጽ አራት፦ "ያልሠለጠነ ሰው ከአምስት ሜትር በላይ አይጠጋ።" ደስ አለኝ። ኢንጅነሪንግ ክፍሉ የጻፈውን መመሪያ አንብቦ የተገበረ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

ጅሩ፦ (ጭንቅላቱን ያካል) ኦቦ ኤጄታ ገጽ አራትን በጣም ነው የሚወዱት።

ፈዬራ፦ አሁን ወደ ወንዶቹ አስተያየት። "ማሽኑ መቼ ነው የሚወሰደው?" የሚቀጥለውም "ማሽኑ መቼ ይወሰዳል?" ሃያ ሦስት ወንድ አንድ ዓይነት ጥያቄ ነው የጠየቀው።

ጅሩ፦ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ አስቁመው ደግመው ጠይቀውኛል።

ፈዬራ፦ ይሄ ለቢዝነስ ክፍል ወርቅ ነው፣ ገባህ? እንዳይወሰድባቸው ሰግተዋል። ፍላጎት አለ ማለት ነው።

ጅሩ፦ ፊታቸው እንደዚያ አይልም ነበር።

ፈዬራ፦ ፊት አይመዘገብም።

ጅሩ፦ ኦቦ ኤጄታ ደግሞ "ባጃጅህ ላይ አይጫንም ወይ?" ብለውኛል።

ፈዬራ፦ አየህ፣ ቤታቸው ሊወስዱት። (ይጽፋል) "የመግዛት ፍላጎት፣ እጅግ ከፍተኛ።" ይሄ የጤናው ገጽ ግን ተገልብጧል። አሥራ ዘጠኝ ወንድ፣ የወገብ ሕመም።

ጅሩ፦ አልተገለበጠም። ሴቶቹ ተሽሎናል አሉ። አመመን ያሉት ወንዶቹ ናቸው።

ፈዬራ፦ እርሻው ይሆናል።

ጅሩ፦ በዚህ ወር ማን ያርሳል?

ፈዬራ፦ ዕድሜ ነዋ።

ጅሩ፦ ሠላሳ ሁለት ቁጥር ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። ከወንበር የሚነሳው በሰው ነው።

ፈዬራ፦ ወጣ ያለ ነው። ይሰረዛል። (ገጹን ይገልጣል፤ ድንገት ይቆማል) ጅሩ፣ ጥያቄ ሃያ ስድስት። "ባለፈው ሳምንት እንሰት በመፋቅ ስንት ሰዓት አሳለፉ?" ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ። አሥራ አንድ ባዶ ነው፣ አሥራ ሁለት አይቆጠርም። የቀሩት ሠላሳ ስምንት ሴቶች በሙሉ ዜሮ?

ጅሩ፦ በሙሉ። አንዷ እንዲያውም "ከዜሮ በታች የለም ወይ?" ብላኛለች።

ፈዬራ፦ ከማሽኑ በፊት ሃያ ሁለት ሰዓት ነበር።

ጅሩ፦ ነበር።

ፈዬራ፦ መቶ በመቶ ቀንሷል። እኔ ረቂቁ ላይ ስልሳ በመቶ ብዬ ነበር የገመትኩት፣ እሱም ተሳቅቄ ነው። የትም አገር እንዲህ ያለ ቁጥር አልተገኘም።

ጅሩ፦ ወጣ ያለ አይደለም እንዴ?

ፈዬራ፦ ሁሉም ከወጣ ወጣ አይባልም።

(ስልክ ይጠራል። ፈዬራ ክራቫቱን አስተካክሎ ያነሳል። ጅሩ የሚሰማው የእሱን ብቻ ነው።)

ፈዬራ፦ ሃሎ ዶክተር፣ አካም ቡልተን? እግዚአብሔር ይመስገን። ደርሷል፣ ጸድቷል። የሴቶቹ የመፋቅ ሰዓት ዜሮ ገብቷል። አዎ፣ ዜሮ። እኔም ደንግጬ ነበር። አይ፣ ስህተት አይደለም፣ ራሴ ነኝ ያረጋገጥኩት። ቪዲዮ? የማሽኑ? አሁን እየሠራ እያለ? ምን ችግር አለው፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ በቴሌግራም እልካለሁ። ገለቶማ ዶክተር። (ይዘጋል) ነገ ጉባኤው ላይ ሊያሳዩት ነው።

ጅሩ፦ ከዚህ ሆነህ ድምፁን ብትቀዳስ?

ፈዬራ፦ ቪዲዮ ነው ያሉት።

ጅሩ፦ ሸራውን ቅረጸው። ድምፁ ከኋላ ይሰማል።

ፈዬራ፦ ሰው ሸራ ለማየት ከአዲስ አበባ አምቦ ይመጣል?

ጅሩ፦ መምህር፣ ገጽ አራት አለ።

ፈዬራ፦ ገጽ አራት ያልሠለጠነ ሰው ነው ያለው። (ይነሳል)

ጅሩ፦ ይቅርብህ፣ አትግባ። ለአንተው ነው።

(ፈዬራ ስልኩን ከፊቱ አድርጎ ከሸራው ኋላ ይገባል። ጅሩ መጠይቆቹን ነፋስ እንዳይበትናቸው ድንጋይ ይጭንባቸዋል፤ ይጠብቃል። ሞተሩ ይጮሃል። ከግማሽ ሰዓት በላይ ያልፋል። ፈዬራ ይመለሳል። እጅጌው እስከ ክርኑ ተሰብስቧል፣ ክራቫቱ ላይ ነጭ የእንሰት ውኃ፣ ፀጉሩ ላይ ቃጫ አለ። ቀስ ብሎ ይቀመጣል።)

ጅሩ፦ ቪዲዮው ወጣ?

ፈዬራ፦ ሰባት ሰዎች አሉ።

ጅሩ፦ ገና ስለሆነ ነው። ከሰዓት አሥር ይሞላሉ።

ፈዬራ፦ ሞተሩ ይዞራል። የሚፍቀው ከበሮ አይዞርም። ዝም ብሎ ይጮሃል እንጂ።

ጅሩ፦ አዎ።

ፈዬራ፦ ሰዎቹ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። እግራቸውን ዘርግተው። ኦቦ ኤጄታ በቀርከሃ ይፍቃሉ።

ጅሩ፦ እሳቸው አሁን በጣም ሠልጥነዋል።

ፈዬራ፦ ስገባ አንድም ሰው አልደነገጠም። አንዱ ስልኬን ተቀብሎ ኪሴ ከተተውና መፋቂያ እጄ ላይ አስቀመጠ። "ያየ ይፍቃል" አለኝ።

ጅሩ፦ ሕጋቸው ነው። የፋቀ ሰው አያወራም። እኔንም በሁለተኛው ሳምንት ይዘውኝ ሁለት እንሰት ጨርሻለሁ።

ፈዬራ፦ ስለዚህ ታውቅ ነበር።

ጅሩ፦ ወገቤ ነዋ የነገረኝ።

ፈዬራ፦ (ላፕቶፑን ይዘጋል) ከመቼ ጀምሮ ነው?

ጅሩ፦ ከአራተኛው ቀን። መጀመሪያ ማሽኑ ሲመጣ ሴቶቹ ነበሩ የከበቡት፣ ታስታውሳለህ። አንተ አልጋ ቤት ከገባህ በኋላ ኦቦ ኤጄታ መጡና "ሞተር የሴት አይደለም፣ እኔ በወጣትነቴ ትራክተር ነድቻለሁ" አሉ። ወንዶቹ ማሽኑን ያዙት። ያዙት ስልህ አንዱ ቁልፉን ይነካል፣ ስድስቱ እጃቸውን አጣጥፈው ያያሉ። እንሰቱን የሚቆርጡት ሴቶቹ ናቸው። የሚሸከሙት፣ ለከበሮው የሚያጎርሱት፣ የተፋቀውን የሚያፍሱት ሴቶቹ ናቸው። ቤት ሲገቡ ደግሞ ወንዶቹ "ዛሬ ስንት ፋቅን" ይላሉ።

ፈዬራ፦ ይሄ መጠይቁ ላይ የለም።

ጅሩ፦ መጠይቁ ላይ "ማሽኑ አለ ወይ" ነው የሚለው። አለ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። የሴቶቹን ማኅበር የሚመሩት አዴ ወርቂቱ ነገሩ ከነከናቸው። በሦስተኛው ቀን ማታ ሁሉም ሲሄድ ቺንጋውን ፈትተው ወሰዱት።

ፈዬራ፦ የቱን ቺንጋ?

ጅሩ፦ ሞተሩን ከከበሮው የምታያይዘዋን ጎማ። እሷ ከሌለች ሞተሩ ለብቻው ነው የሚጮኸው። አዴ ወርቂቱ ክፋት አላሰቡም። "ጠዋት መጥተው ቺንጋ ጠፋብን ይሉናል፣ እኛ እንመልሳለን፣ እግረ መንገዳችንንም ቁልፉን እንነካለን" ብለው ነበር። ቁጭ ብለው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ጠዋት ሸራ መጣ።

ፈዬራ፦ አንድ ጥያቄ ከመጠየቅ ሸራ ጋረዱ?

ጅሩ፦ ሴት ፊት ሞተር እናውቃለን ብለው ምለዋል፣ ምን ይበሉ? የገባው እንሰት ደግሞ ሳይፋቅ ቢወጣ ይታወቅባቸዋል። ስለዚህ ሞተሩን አስነሱ፣ ተቀመጡ፣ ፋቁ። ሴት አምስት ሜትር አትጠጋም። ተሸክመው ያስገባሉ፣ ፍቀው ያወጣሉ። ማን ፋቀው ብትላቸው "ማሽኑ ነው የፋቀው" ነው መልሳቸው። ሃያ ሦስቱም ይሄንኑ ነው ያሉኝ።

ፈዬራ፦ ቺንጋውስ አሁን የት ነው?

ጅሩ፦ (ወደ ባጃጁ ይጠቁማል፤ ኋላው ላይ ሁለት ጆንያ ቆጮ በጥቁር ጎማ ታስሯል) ጠንካራ ነው። ከገመድ ይሻላል። ጠዋት ጭነው ሲልኩኝ አዴ ወርቂቱ ያስሩታል፣ ማታ ስመለስ ይወስዱታል።

ፈዬራ፦ (ተነስቶ ያየዋል፣ ይዳስሰዋል፣ ይመለሳል) ስድስት ወር ነው የሠራሁት ጅሩ። ኢንጅነሮቹ ለዚህ ከበሮ ሦስት ጊዜ ንድፍ ቀይረዋል።

ጅሩ፦ ከበሮው ምን አጠፋ? ከበሮው ደህና ነው።

ፈዬራ፦ ምንም ሳይሠራ ነው እኮ መቶ በመቶ የቀነሰው።

ጅሩ፦ ቀንሷል ግን። ባየሽን ታውቃታለህ፣ ሃያ ዘጠኝ ቁጥር። አሥራ አምስት ዓመት ወገቧን ይዛ ስትነሳ ነው የማውቃት። ማክሰኞ ዕለት ቀጥ ብላ ስትሄድ ከኋላዋ አይቼ ሌላ ሰው መስላኝ ክላክስ ነፋሁ። ያቋረጠችውን ስምንተኛ ክፍል ጀምራለች። አዴ ወርቂቱና ሌሎቹ ደግሞ ቆጮውን በእኔ እየጫኑ ለነጋዴ ያስረክባሉ። ወንዶቹ የፋቁት ትንሽ ቃጫ ይበዛበታል እንጂ ይሸጣል።

ፈዬራ፦ ይሄን ሁሉ እያወቅህ ለምን አልነገርከኝም?

ጅሩ፦ ነግሬህ አልነበር? ወገብ ብዬ ጻፍኩ፣ ሰረዝከው። "መቼ ይወሰዳል" ብዬ ጻፍኩ፣ ፍላጎት አልከው። ቀጥታ በአፌ ደግሞ አልናገርም። ፍቄያለሁ።

ፈዬራ፦ ማሽኑ ይሠራል ብዬ ብልክ ነገ ጉባኤ ላይ ይጨበጨብልኛል። ከዚያ ይሄንኑ መቶ አድርገው ያመርቱታል።

ጅሩ፦ ደንዲም ይሄዳል፣ እጃጂም ይሄዳል። እዚያም አንድ ትራክተር የነዳ ሰው አይጠፋም።

ፈዬራ፦ ተበላሽቷል ብዬ ብልክ ደግሞ ኢንጅነሩ ሰኞ አዲስ ቺንጋ ይዞ ይመጣል።

ጅሩ፦ ወንዶቹም ተነስተው እጃቸውን ያጣጥፋሉ። ባየሽ ትምህርቷን ትታ ወደ እንሰቱ ትመለሳለች። እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተማርከው አንተ ነህ።

(ስልኩ ይጠራል። ፈዬራ ያየዋል፤ አያነሳውም። ሊዘጋ ሲል ያነሳል።)

ፈዬራ፦ ሃሎ ዶክተር። አዎ፣ ዘገየሁ። ቪዲዮ የለም። ዶክተር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፣ እስክጨርስ አያቋርጡኝ። ማሽኑ ከአራተኛው ቀን ጀምሮ አልፋቀም። ድምፁን ነው የመዘገብኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ገብቼ አላየሁም። ሴቶቹ ዜሮ መግባታቸው እውነት ነው፤ የሚፍቁት ግን ወንዶቹ ናቸው። በእጃቸው። አዎ፣ ወንዶቹ። ተደብቀው። (ስልኩን ከጆሮው ያርቃል፤ ከውስጥ ሳቅ ይሰማል፤ ይመልሰዋል) አይ፣ እኔ አይደለሁም ያገኘሁት። ጅሩ የሚባል ባለባጃጅ ነው፣ መጠይቁን ያስሞላው። እንዲያውም ጽፎልኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የሰረዝኩት። አለ፣ አጠገቤ ነው። (ስልኩን ይሰጠዋል) ይፈልጉሃል።

ጅሩ፦ (እጁን ጠርጎ ይቀበላል) ኤዬ ዶክተር። ነኝ። አሥራ ስምንት ቀን ይሆናል። እሱን እንኳ አዴ ወርቂቱ ናቸው የሚያውቁት። ኤዬ። አይ፣ ፋቅሁ ብሎ አንድም ወንድ አያምንም፣ ቢታረድም አያምንም። እሱ? እሱ አሁን ከሸራው ኋላ ወጥቶ ነው፣ ቃጫው ፀጉሩ ላይ አለ። እሺ። በቅጹ ነው? እሺ ዶክተር። (ይዘጋል፤ ስልኩን ይመልሳል)

ፈዬራ፦ ምን አሉ?

ጅሩ፦ የከተማዋ ስም አይጠራም፣ ሸነን አትባልም። ኢንጅነሩም አይመጣም፤ ቺንጋው የአዴ ወርቂቱ ጉዳይ ነው ብለዋል። ነገ አዴ ወርቂቱንና እኔን አምቦ ይፈልጉናል፣ በአፋችን እንድንናገር።

ፈዬራ፦ እኔስ?

ጅሩ፦ አንተ እውነቱን ስለተናገርክ ተመስግነሃል። አንድ ነገር ብቻ ጎድሏል። "እኔ ወንድ ነኝ፣ ፍቄያለሁ" ብሎ ቅጹን የሚሞላ አንድ ሰው። እሱ ከሌለ ጉባኤው ወሬ ነው ይላል።

ፈዬራ፦ ከሸነን ወንድ አንድም አይገኝም። ሳይንስን የሚያከብር ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት? ሥራ ነው፣ ማንም ሊሠራው ይችላል፣ ምን የሚያሳፍር ነገር አለው?

ጅሩ፦ እኔም አልኳቸው። እሳቸውም "ፈዬራ አልፋቀም እንዴ?" አሉ።

ፈዬራ፦ (ቀና ብሎ ያየዋል) ጥሩ። ሙላ። ለእውቀት ሲባል ነው።

ጅሩ፦ (ባዶ መጠይቅ ያወጣል፣ በፈዬራ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጉሮሮውን ያጸዳል) የተከበሩ መላሽ፣ መልስዎ በምስጢር የተጠበቀ ነው። ጾታ?

ፈዬራ፦ ወንድ።

ጅሩ፦ ዕድሜ?

ፈዬራ፦ ሃያ ሰባት።

ጅሩ፦ የወገብ ሕመም?

ፈዬራ፦ ትንሽ። ከዛሬ ጀምሮ።

(የግቢው በር ይከፈታል። አዴ ወርቂቱና ሦስት ሴቶች እንሰት ተሸክመው ይገባሉ። ባየሽ ደብተር ይዛ ከኋላቸው አለች። የፈዬራን እጅጌ፣ ክራቫትና ፀጉር አይተው ይቆማሉ። ሸክማቸውን ሳያወርዱ ይጠብቃሉ።)

ጅሩ፦ ጥያቄ ሃያ ስድስት፣ ለወንድ ተለውጦ። በዛሬው ዕለት እንሰት የፋቀው ማነው?

(ፈዬራ ሴቶቹን ያያል። ሴቶቹ እሱን ያዩታል። ቃጫውን ከፀጉሩ ላይ ቀስ ብሎ ያነሳና ኪሱ ይከተዋል።)

ፈዬራ፦ ማሽኑ ነው የፋቀው።

(ጅሩ ይጽፋል።)